እናቱን ያልጠገበ ውሻ ቤት አይጠብቅም

ባለፈው ሚያዝያ፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ ውሻችን ማገዶ ቤቱ ውስጥ ጭድ ላይ ሰባት ቡችሎች ወለደች። ሦስቱ ወንድ፣ አራቱ ሴት ነበሩ። ዓይናቸውን ከገለጡ ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው የግቢያችን በር መንኳኳት ጀመረ። መጀመሪያ የመጣው በሰፈራችን ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ነው። «እትዬ፣ ዓይናቸውን ከገለጡ ምን ቀራቸው? አንድ ወንድ ይስጡኝና ልሂድ» አለኝ። ገና ናቸው፣ ጡት አልጣሉም ስለው፣ «ካደጉማ ሰው አይለምዱም። ቡችላ ጌታውን የሚያውቀው በጨቅላነቱ ሲወሰድ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ከእሱ በኋላ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ፣ ወፍጮ ቤት ያለው ጎረቤት፣ ከኢተያ የመጣ ዘመድ ተከታትለው መጡ። ሁሉም ያሉኝ ያንኑ ነው።

በከተማችን በሁሩታ ይህን አባባል ሳይሰማ ያደገ ሰው ያለ አይመስለኝም። አዳማም፣ አሰላም፣ አዲስ አበባም ሰዉ የሚለው ይህንኑ ነው። እኔም ከእናቴ ሰምቼ፣ አምኜበት ኖሬአለሁ፤ አራት ሳምንት እንኳ ያልደፈኑ ቡችሎችን በካርቶን እያደረግሁ ለስንቱ አስረክቤአለሁ። ዛሬ ግን ስህተት ነው እላለሁ። ጉዳቱም በቡችላው አያበቃም። ልጆቻችን የሚነከሱት፣ ቤት የለሽ ውሻ በየመንገዱ የሚበዛው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ከአገራችን አልወጣ ያለው፣ ከፊሉ ቡችላን ከምንሰጥበትና ከምንቀበልበት መንገድ የተነሣ ነው።

እምነቱ ከሜዳ የተነሣ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሁለት እውነት አይቶ የተሳሳተ ፍርድ የሰጠ እምነት ነው። በዓመቱ የተሰጠ ውሻ ገመዱን በጥሶ ወደ ቀድሞ ቤቱ ሲመለስ ሁላችንም አይተናል። በአራተኛው ሳምንት የተወሰደ ቡችላ ደግሞ ከአዲሱ ጌታው እግር ሥር አይጠፋም፤ ሲነሡ ይነሣል፣ ሲቀመጡ ጫማ ላይ ይተኛል። ከዚህ ተነሥቶ «ቶሎ የተወሰደ ይወዳል፣ የዘገየ ይከዳል» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ያ እግር ሥር የሚርመሰመሰው ቡችላ በርዶታል፣ ርቦታል፣ ፈርቷል። የሚፈልገው የእናቱን ሆድ ነው፤ እሱን ሲያጣ ያገኘውን ሙቀት ሁሉ የሙጥኝ ይላል። እኛ ጭንቀቱን አይተን ፍቅር ብለን ሰየምነው።

አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉት የታማኝነቱን ምንጭ ለይተው ስላወቁ ነው። በበላበት አሉ እንጂ ከጡት በተነጠቀበት አላሉም። በስምንተኛው ሳምንት የሄደ ቡችላም በአዲሱ ቤት ይበላል፣ ለአዲሱ ቤት ይጮኻል። በዓመቱ የተሰጠው የሚመለሰው ዓመት ሙሉ ሌላ ቤት ስለበላ ነው። በአራት ሳምንትና በአንድ ዓመት መካከል ሰፊ ጊዜ እያለ ምርጫው ሁለቱ ብቻ ይመስል የምንጣደፈው ለምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ከእኛ ቀደም ብለው በሥራ የፈተኑት አሉ። አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት፣ ባር ሀርበር ባለው የጃክሰን ላቦራቶሪ ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ተመራማሪዎች ለዓመታት ቡችሎችን ከውልደት ጀምሮ ተከታትለው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ያገኙትም ቡችላ ከሌላው ፍጥረት ጋር ዝምድና የሚመሠርትበት ጊዜ ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ እንደሚዘልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ቡችሎች ከእናቶቻቸው ጋር በታጠረ ሜዳ ውስጥ ያለ ሰው ንክኪ እንዲያድጉ ተደረገ። ከፊሎቹ በተለያየ ዕድሜያቸው ለአንድ ሳምንት ያህል እየወጡ ከሰው ጋር ከረሙ፤ እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ሰው ያልቀረባቸው ግን እንደ ዱር አውሬ ሆነው ቀሩ። በሰባተኛው ሳምንት የወጡት ሰውን ለመልመድ አልዘገዩም ነበር።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሰው መልመድ አንድ ነገር ነው፤ ከእናት መለየት ሌላ ነገር ነው። እኛ ሁለቱን አንድ አድርገናቸዋል። ቡችላ በእናቱ ጡት ሥር ሆኖ ሰው መልመድ ይችላል። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ ብታነሡት፣ ልጆች በእርጋታ ቢዳስሱት፣ የሬዲዮ ድምፅ፣ የጋሪ ፈረስ ኮቴ፣ የባጃጅ ጡሩንባ ቢሰማ፣ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌና ጃንጥላ የያዘች ሴት ቢያይ፣ ሁሉንም ይለምዳል። እናቱ አጠገቡ ስላለች ደግሞ ሳይሸበር ይለምዳል። ከእናቱ የነጠለ ሰው ያን ዕድል አያፋጥንለትም፤ የሚደገፍበትን ነው የሚያሳጣው።

እስቲ እነዚያ ሳምንታት ምን ይዘው እንደሚመጡ በቅደም ተከተል እንይ። ቡችላ ሲወለድ ዓይኑም ጆሮውም ዝግ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሚጠባው እንገር ከእናቱ የበሽታ መከላከያ ኃይል የሚቀበልበት ነው፤ ያ ቀን ካለፈ አንጀቱ ያን ኃይል መቀበል ያቆማል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የገዛ ሰውነቱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ ለዚህ ነው ክምር ሆነው አንዱ ባንዱ ላይ የሚተኙት። በሁሩታ ሌሊት ብርድ ላይ የወደቀ ጨቅላ ቡችላ ጡት ቢሰጡት እንኳ ለመጥባት አቅም ያጣል። እናቱ ሆዱን በምላሷ ካልላሰችው ሽንት እንኳ አይሸናም። ዓይኑ ከአሥረኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ይገለጣል፤ ጆሮው ከዚያ ትንሽ ዘግይቶ ይከፈታል። ስለዚህ «ዓይኑን ገልጧል» ብሎ መውሰድ ገና መስማት የጀመረን ፍጡር መውሰድ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት እየተንገዳገደ ይቆማል፤ ጥርሱም ብቅ ይላል። በአራተኛው እናቱ ስታጠባ ትነሣበታለች፤ ጥርሱ ይወጋታላ። ያኔ ቀጭን የገብስ አጥሚት ወይም በወተት የራሰ እንጀራ በሰፊ ሳህን ይቀርብለታል። ብዙዎቻችን ያን አይተን «ምግብ ጀመረ፣ ይበቃዋል» እንላለን። ትልቁ ትምህርት የሚጀምረው ግን ያኔ ነው።

ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ቡችሎቹ ቀኑን ሙሉ ይናከሳሉ። ማገዶ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። አንዱ የወንድሙን ጆሮ ነክሶ ሲያጠብቅበት የተነከሰው ያለቅሳል፤ ጨዋታውም ያበቃል። የነከሰው ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ጥቂት ቆይቶ ይመለስና አሁን ላላ አድርጎ ይይዛል፤ ጨዋታው ይቀጥላል። እናቱን ሲያበዛባት ታጉረመርማለች፣ አፍንጫውን በአፏ ይዛ ታስተኛዋለች፤ ጥርሷ ግን ቆዳውን አይነካም። ቡችላው የጥርሱን ልክ የሚማረው እንዲህ ነው። ይህን ትምህርት ሰው እንደ እነሱ ሊሰጠው አይችልም። በዱላ የተማረ ውሻ ዱላን መፍራት እንጂ ጥርሱን መለካት አያውቅም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሌላ ውሻችን የተወለዱ አምስት ቡችሎችን በአራተኛው ሳምንት ሰጥቼ ነበር። ሁለቱ ሳምንት ሳይሞላቸው በተቅማጥ ሞቱ። አንዱ ደግሞ እዚሁ ሰፈር ጌታው ጆሮውን ቆርጦ፣ «ኃይለኛ እንዲሆን» በርበሬ እያበላ፣ ቀንና ሌሊት በሰንሰለት አስሮ አሳደገው። በዓመቱ የዚያኑ ቤት የስድስት ዓመት ልጅ ክንዱን ነከሰው። ጌታው በንዴት ውሻውን ወዲያው ገደለው። የከፋው ጥፋት ይህ ነበር፤ የነከሰ ውሻ ታስሮ አሥር ቀን ቢታይና ጤነኛ ሆኖ ቢቆይ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ይቻላል። ውሻው ተገድሎ ተጥሎ ነበርና ልጁ የክትባቱን ዙር ሁሉ ለመከተል ከከተማ ከተማ ተመላለሰ። ልጁ ዳነ። እኔ ግን ያን ቡችላ በካርቶን አድርጌ ያወጣሁበትን ጠዋት አልረሳሁትም። ስለዚህ ነው ይህን ጉዳይ የምከራከርበት።

ጠባቂ ውሻ እንጂ የጭን ውሻ አንፈልግም የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔም ጠባቂ ነው የምፈልገው። አካባቢያችን ስንዴ አምራች ነው፤ የጭድ ክምር አለን፣ አውድማ አለን፣ በሌሊት ጅብ እስከ በራችን ይመጣል። ነገር ግን ጥሩ ጠባቂ ማለት የቤቱን ሰውና እንግዳውን ለይቶ የሚያውቅ፣ ጅብ ሲመጣ የሚጮህ፣ ልጅ ጅራቱን ሲረግጥበት የሚታገሥ ውሻ ነው። ፍርሃት ያሳደገው ውሻ በነፋስ ለወደቀ ቆርቆሮም ይጮሃል፣ ለጎረቤት ልጅም ይጮሃል፤ መጨረሻ ላይ ጩኸቱን የሚሰማለት የለም። ጆሮ መቁረጡም ሆነ በርበሬው ሕመም ይሰጠዋል እንጂ ማስተዋል አይሰጠውም።

ሌላው ሙግት የኑሮ ነው። «ለልጆቻችን ያልተረፈ እህል ለቡችላ?» ይሉኛል። ይህን አልንቀውም፤ ዘይትና ጤፍ ስንት እንደገባ ሁላችን እናውቃለን። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። እስከ አራተኛው ሳምንት የሚመግባቸው የእናታቸው ወተት ነው፤ እኛ የምንሰጠው ለእሷ ጨመር ያለ ምግብና ሁልጊዜ ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ሳምንታት ለቡችሎቹ የሚያስፈልገው በየዕለቱ የምንደፋው የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ትንሽ አጥሚትና ትንሽ ወተት ነው። ለመኝታ የስንዴ ጭድ አለ፤ በየሁለት ቀኑ መቀየር ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ አንድ ልጅ ተነክሶ ለክትባት ሲመላለስ የሚወጣው ትራንስፖርት፣ የሚባክነው የሥራ ቀን ይበልጣል። ቁጠባ ያልነው ነገር ወጪ አዘዋውሮ ሌላ ሰው ላይ መጫን ነው።

ውሻ ርኩስ ነው የሚሉም አሉ። ሁሩታ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ በሁለቱም ዘንድ ውሻ ከመኝታ ቤትና ከጸሎት ስፍራ ይርቃል። እኔም ግቢ ውስጥ ይኑር እንጂ ቤት ይግባ አላልሁም። ነገር ግን በቁርኣን የዋሻው ሰዎች ታሪክ ውስጥ ውሻቸው ደጃፉ ላይ ክንዱን ዘርግቶ አብሯቸው ተጠቅሷል፤ በወንጌልም የድኻውን የአልዓዛርን ቁስል የላሱ ውሾች ተነግሮላቸዋል። ሁለቱም መጻሕፍት ውሻን ከሰው ችግርና ከሰው ደጃፍ አልለዩትም። ርቀቱን እንጠብቅ፤ ጭካኔው ግን የሃይማኖት ሥርዓት አይደለም።

አሁን ወደ አራቱ ሴቶች ልመለስ። ደጄ የመጡት ሁሉ የጠየቁት ወንድ ነው። «ሴት ውሻ ትሰበስባለች፣ ግቢ ታስረብሻለች» ይላሉ። ስለዚህ በየቤቱ ሴቶቹ ቡችሎች በጆንያ ተከትተው ከከተማ ዳር ይጣላሉ። ብዙዎቹ ይሞታሉ። የሚተርፉት ግን ቄራ አካባቢና ቆሻሻ መጣያ ላይ አድገው ይወልዳሉ፤ ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ወንድ ትፈልጋለች፣ እርግዝናዋም ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት «ከተማው በውሻ ተሞላ» እያልን የምናማርረው ራሳችን በጆንያ ከጣልናቸው የተወለዱትን ነው። ሴት ውሻ ጥበቃ አታውቅም ማለትም ሐሰት ነው፤ ጅብ ሲመጣ ግቢያችንን የምታስነሣው ይህችው እመጫት ናት። ሴቲቱን ማምከን ይቻላል፤ ባይቻል እንኳ በምትሰበስብበት ሦስት ሳምንት ገደማ በግቢ ዘግቶ መጠበቅ ከአቅማችን በላይ አይደለም።

ለተሞላው ከተማ የተለመደው መልስ መርዝ ነው። በአገራችን ከተሞች በስትሪክኒን መርዝ የተለወሰ ሥጋ እየተበተነ ውሾች በየመንገዱ ሲንፈራፈሩ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጭካኔውን ለጊዜው ልተወውና ይሠራል ወይ ብዬ ልጠይቅ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንላለን። የተገደሉት ውሾች የለቀቁትን ቦታና ፍርፋሪ ከገጠር የሚመጡና አዲስ የተወለዱ ውሾች ይሞሉታል። መርዙ የተከተበውንና ያልተከተበውን አይለይም፤ እንዲያውም በሰዎች እጅ የተከተበው፣ ሰው የሚያምነው፣ ሥጋውን ቀድሞ ይበላል። የዓለም ጤና ድርጅት ውሻን በጅምላ መግደል የእብድ ውሻ በሽታን እንደማይቆጣጠር፣ ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑትን ውሾች መከተብ ግን ሥርጭቱን እንደሚያቋርጥ ደጋግሞ አስታውቋል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአዲስ አበባ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ ከተመዘገበ ከ1903 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ መቶ ሃያ ዓመት አልፏል። ዛሬም በኢትዮጵያ በዓመት ወደ 2,700 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ለሰው ከሚተላለፈው ውስጥ እስከ 99 በመቶው ከውሻ ነው፤ ከሚነከሱት ደግሞ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ታላላቆቻችን ለ14 ቀንና ከዚያም በላይ በየቀኑ በሆዳቸው ላይ የተወጉትን የቆየ ክትባት አይረሱትም። ዛሬ የተሻለ ክትባት አለ፤ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብም ሕይወት ያድናል። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ውሻውን መከተብ ነው።

አሁን ቡችላውና በሽታው የሚገናኙበትን ልብ በሉ። ዘንድሮ ሁሉም ውሻ ቢከተብ እንኳ በዓመቱ ብዙዎቹ ሞተው በቦታቸው ያልተከተቡ ቡችሎች ይተካሉ። በአጥሩ ላይ የሚከፈተው ቀዳዳ ቡችላው ነው። ለዚህም ነው የዓለም ጤና ድርጅት በዘመቻ ጊዜ ከሦስት ወር በታች ያሉት ቡችሎች እንዳይዘለሉ የሚመክረው። በካርቶን ተሰጥቶ አድራሻው የጠፋ ቡችላ፣ በጆንያ የተጣለች ሴት ቡችላ፣ ክትባት የሚደርሳቸው በምን መንገድ ነው? በስምንተኛ ሳምንቱ ለታወቀ ቤት የተሰጠ ቡችላን ግን የከብት ሐኪሙም ጎረቤቱም ያውቁታል፤ በሦስተኛ ወሩ ይከተባል፣ በየዓመቱም ይታደሳል።

ቀና ብለን ከከተማችን በላይ ያሉትን የአርሲ ተራሮች ስናይ ሌላ ተጠቂ አለ። በዓለም ከ500 ያነሱ አዋቂዎች ብቻ የቀሩት ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ እነዚህ ተራሮች ናቸው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 ከመንደር ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ገድሏል። ከዚያ በኋላም ወረርሽኙ ተመልሷል። ቡችላ በየሜዳው ስንጥል የአገራችንን ልዩ ፍጥረትም እያጠፋን ነው።

ስለ ትልም አንድ ቃል ልናገር። ለፋሲካም ለአረፋም በግ ስናርድ በሳንባና በጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ እበጥ ስናገኝ ቆርጠን ለውሻ እንጥላለን። ያ እበጥ በውሻው አንጀት ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በሰው ሆድ ሲገባ በጉበታችን ያንኑ እበጥ ያበቅላል። ወደ ቤተሰባችን እንዳይገባ ያን ሥጋ ቆፍረን እንቅበር ወይም እናቃጥል። ሌላ የአንጀት ትል ደግሞ ከእናቱ ወደ ቡችላው ገና በማህፀን ሳለ፣ በኋላም በወተቷ ያልፋል፤ ስለዚህ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ የትል መድኃኒት ለእሷም ለእነሱም ይሰጥ። ይህ ትል ለልጆቻችን ዓይን የሚያሰጋ ነውና።

የከብት ክትባት፣ የአባ ሰንጋው ዘመቻ፣ በየቀበሌው ሲመጣ ውሾቻችንም ይሰለፉ። ይህን ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች መጠየቅ መብታችን ነው። ያልጠየቅነው አገልግሎት ሊመጣ አይችልም። ከሁሉ በፊት ግን የኛ ፈንታ አለ፤ እምነቱን ተቀባዩ ሳይሆን ሰጪው ነው የሚሸከመው። ቡችላ በአራተኛ ሳምንቱ የሚወሰደው የሚሰጥ ስላለ ነው። በሁሩታ ውሻ የወለደችለት ሰው ሁሉ ለሚያንኳኳው «ገና ነው፣ በስምንተኛው ሳምንት ና፤ እስከዚያ እየመጣህ አልምደው» ብሎ ከመለሰ፣ እምነቱ በአንድ ዓመት ይሞታል። ለመጣው ሁሉ ከሁለት ጥያቄ በቀር አልጠይቅም፦ በሦስተኛ ወሩ ታስከትባለህ? ባትፈልገው ለመጣል ሳይሆን ለእኔ ትመልሳለህ?

የባጃጁ ልጅ ገና ነው ባልሁት ጊዜ አኮረፈ። ቢሆንም በየሳምንቱ እየመጣ ማገዶ ቤቱ ደጃፍ ተቀመጠ፣ በእጁ አጥሚት አቀረበ። ሰኔ ላይ ስምንቱ ሳምንት ሲሞላ የያዛት ቡችላ ሴት ናት፤ ከሁሉ ቀድማ ወደ እሱ የምትሄደው እሷ ነበረች። እናቷ አጠገቧ ሳለች ነው ያወቀችው። ቀሪዎቹን ሦስቱን ሴቶችም እንደ ወንዶቹ ሰጥቻለሁ፤ አንዷም ወደ ጆንያ አልገባችም። ለሚቀጥለው ለሚያንኳኳ ሰው የምመልሰው መልስም ከአሁኑ የታወቀ ነው።